ለገናና ለጥምቀት ሰሞን የትኛው ግጻዌ ይሻላል? የታተመው፣ የስልኩና የግድግዳው

ጾመ ነቢያት ሲገባ ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ፣ በፒያሳም ከቅዱስ ጊዮርጊስ ዙሪያ ያሉት የነዋየ ቅድሳትና የመንፈሳዊ መጻሕፍት ሱቆች ይሟሟቃሉ። ጧፍና ዕጣን ከሚሸምተው ሰው ጎን ግጻዌ የሚጠይቅ ዲያቆን፣ ለጉባኤ የሚዘጋጅ የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪ፣ ለጽዋ ማኅበሩ የዕለቱን ንባብ የሚፈልግ ምእመን አይጠፋም። ሻጩ ሁለት ሦስት ዓይነት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ይደረድርና «ሁሉም ያው ነው» ይላል። ያው አይደለም። ልዩነቱ በተለይ ከታኅሣሥ 7 እስከ ጥር 12 ባሉት ቀናት ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ምክንያቱም በዚህ ወቅት የቀን ቆጠራውና የሰንበት ቆጠራው እየተጋፉ ይሄዳሉ።

ግጻዌ ለማያውቀው፦ በየዕለቱ በቅዳሴ የሚነበበውን የሚጠቁም መጽሐፍ ነው። ለአንድ ቀን ከጳውሎስ መልእክታት አንድ፣ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክታት አንድ፣ ከሐዋርያት ሥራ አንድ፣ ከዳዊት ሦስት መስመር ምስባክ፣ ከዚያም ወንጌሉን፣ በመጨረሻ የሚቀደሰውን ቅዳሴ ይነግራል። ጳውሎሱን ሠራዒው (ዋናው) ዲያቆን፣ ሁለተኛውን መልእክት ንፍቁ (ረዳቱ) ዲያቆን፣ የሐዋርያት ሥራን ንፍቁ ቄስ፣ ወንጌሉን ሠራዒው ቄስ ያነባሉ። ስለዚህ ስብከት የሚያዘጋጅ ሰው ርእስ ፍለጋ መዞር የለበትም። ርእሱ ተሰጥቶታል፤ የሚቀረው አምስቱ ንባባት የት ላይ እንደሚገናኙ ማየት ነው።

የታተመው ግጻዌ በሁለት መልክ ይገኛል፤ ግእዝ ብቻ የሆነና ግእዙን ከአማርኛ ያጣመረ። ለመቅደስ አገልግሎት ግእዙ ይበቃል። ስብከት ለማዘጋጀትና ቤት ለማንበብ ግን ያለ ጥርጥር ጥምሩን ውሰዱ። ምስባኩን በግእዝ ሸምድዶ ትርጉሙን በግምት የሚናገር ሰባኪ ብዙ ነው፤ አማርኛው ከሥሩ ካለ ግምቱ ይቀራል። የጥምሩ ጉድለት ውፍረቱ ነው። በኪስ አይያዝም፣ ኪዳን ቆሞ በአንድ እጅ ለመግለጥም አይመችም።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አራት ቦታ ገልጣችሁ እዩ። መጀመሪያ ታኅሣሥ 28ንና 29ን። ዓመታቱ በየተራ በአራቱ ወንጌላውያን ስም ይጠራሉ፤ ልደት በሦስቱ ዘመናት ታኅሣሥ 29 ሲውል በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ይውላል። ያለፈው ዘመነ ዮሐንስ 2016 ዓ.ም. ነበር፤ የሚቀጥለው 2020 ዓ.ም. ነው። ምክንያቱ ከዘመነ ሉቃስ ማብቂያ የምትመጣው ስድስተኛዋ ጳጉሜን ናት፤ ያችን አንዲት ቀን ለማካካስ በዓሉ ወደ ኋላ ይመለሳል። ጥምቀት ግን ከጥር 11 አይነቃነቅም፤ ስለዚህ በዘመነ ዮሐንስ በልደትና በጥምቀት መካከል ያለው ርቀት በአንድ ቀን ይሰፋል። ጥሩ ግጻዌ ይህን በሁለቱ ቀናት ላይ ወይም በመግቢያው ያስታውሳል። ምንም የማይል ከሆነ አዘጋጁ የቀኑን ሰንጠረዥ ከሌላ ቀድቶ አሳትሟል ማለት ነው፤ ሌላም ቦታ ችግር ይኖርበታል።

ሁለተኛው የሰንበታቱ ክፍል ነው። ግጻዌ አንድ መጽሐፍ ቢመስልም ውስጡ ሁለት ቆጠራ አለ። አንዱ ከመስከረም 1 ጀምሮ ቀን በቀን የሚሄደው የወሩ ነው። ሌላው ከእሑድ ጋር የሚንቀሳቀሰው የሰንበታትና የዘመናት ነው። ከገና በፊት ያሉት ሦስት እሑዶች የራሳቸው ስምና ንባብ አላቸው፦ ከታኅሣሥ 7 እስከ 13 የሚውለው ስብከት፣ ከ14 እስከ 20 የሚውለው ብርሃን፣ ከ21 እስከ 27 የሚውለው ኖላዊ፣ ማለትም እረኛ። በ2019 ዓ.ም. ለምሳሌ ስብከት ታኅሣሥ 11፣ ብርሃን 18፣ ኖላዊ 25 ይውላሉ። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ታኅሣሥ 25ን በወሩ ክፍል ገልጦ ያገኘውን ይዞ ይሄዳል፤ መቅደስ ውስጥ ግን የኖላዊ ይነበባል። እሑድ ከሆነ መጀመሪያ የሰንበታቱን ክፍል ግለጡ፤ የወሩን በኋላ ተመልከቱ።

የሚያስቸግረው ሰንበትና ትልቅ በዓል ሲገናኙ ነው። በ2018 ዓ.ም. ታኅሣሥ 19 እሑድ ውሎ ቅዱስ ገብርኤልና የብርሃን ሰንበት በአንድ ቀን ተደርበዋል። እንዲህ ሲሆን ግጻዌው ብቻውን አይፈርድም። በዓሉ የሚነግሥበት ደብር የበዓሉን፣ ሌላው የሰንበቱን ሊይዝ ይችላልና የሚሰብክ ሰው ቀድሞ የደብሩን አስተዳዳሪ ወይም መሪጌታውን መጠየቅ አለበት። በዋዜማው ስልክ ደውሎ አንድ ጥያቄ መጠየቅ፣ ለገብርኤል በዓል ከእሳት የዳኑትን ሠለስቱ ደቂቅን ተዘጋጅቶ መጥቶ የሰንበቱ ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ሲነበብ መስማትን ያስቀራል።

ሦስተኛ፣ «ዘነግህ» እና «ዘቅዳሴ» የሚሉት በግልጽ ተለይተው መታተማቸውን እዩ። በትልልቅ በዓላት ግጻዌው ሌሊት ማኅሌቱ ሲያልቅ የሚባለውን ምስባክና ወንጌል ለብቻ፣ የቅዳሴውን ለብቻ ይሰጣል። በአንዳንድ እትም ሁለቱ በአንድ ዓይነት ፊደል፣ ያለ ቀይ ቀለም፣ ተከታትለው ስለሚታተሙ ዓይን ያመልጣቸዋል። ቀይ ቀለም ያለው እትም በዋጋ ከፍ ይላል፤ ለልደትና ለጥምቀት ሌሊት፣ በጧፍ ብርሃን ለሚገልጥ ሰው ግን ልዩነቱ ዋጋውን ያወጣል። ለጌጥ የገባ ቀለም አይደለም።

አራተኛ፣ ቁጥሮቹን። የግእዝ ቁጥር በደከመ ቀለም ሲታተም ፮ እና ፯ ይምታታሉ። «ፍ.ም.» የሚለው ምሕጻረ ቃል ደግሞ እስከ ምዕራፉ ፍጻሜ አንብብ ማለት ነው፤ በመግቢያው ካልተብራራ አዲስ አንባቢ የጽሕፈት ስሕተት ይመስለዋል። ምሕጻረ ቃላቱን በአንድ ገጽ የዘረዘረ እትም ካገኛችሁ ምረጡት።

ስለ ምስባክ አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍም፤ ሰው በብዛት «ግጻዌው ተሳስቷል» ብሎ የሚመልሰው በዚህ ነውና። ግጻዌው የዳዊትን መዝሙር የሚቆጥረው በሰብዓ ሊቃናት (በጥንቱ የግሪክ ትርጉም) ቆጠራ፣ ማለትም በግእዙ ዳዊት ነው። ስልካችሁ ላይ ያለው መጽሐፍ ቅዱስ በዕብራይስጡ ቆጠራ ከሆነ አብዛኛው መዝሙር በአንድ ይበልጣል። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» በአንዱ 22፣ በሌላው 23 የሆነው ለዚህ ነው። ስለዚህ የስብከት እሑድ ምስባክ «ፈኑ እዴከ እምአርያም» መዝሙር 143፥7 ሲል በስልኩ 144፥7ን ፈልጉ። የብርሃኑ «ፈኑ ብርሃነከ ወጽድቀከ» 42፥3 በስልኩ 43፥3 ነው፤ የኖላዊው «ኖላዊሁ ለእስራኤል አጽምዕ» 79፥1 በስልኩ 80፥1፤ የልደቱ «ነገሥተ ተርሴስ ወደሰያት አምኃ ያበውኡ» 71፥10 በስልኩ 72፥10። አንድ መደመር የማይሠራበት ቦታም አለ፤ እሱም የሚመጣው በጥምቀት ነው። «ባሕርኒ ርእየት ወጐየት፣ ወዮርዳኖስኒ ገብአ ድኅሬሁ» በዳዊቱ 113 ላይ ነው፤ በዕብራይስጡ ቆጠራ ይኸው መዝሙር ለሁለት ተከፍሎ 114 እና 115 ሆኗል፤ የዮርዳኖሱ ቃል ያለው 114 ላይ ነው። የሁለቱን ቆጠራ ማዛመጃ በመጨረሻው ገጽ ያካተተ ግጻዌ እምብዛም አይገኝም። መጨመር የነበረበት ነገር ነው፤ እስኪጨመር በእርሳስ በኅዳጉ ላይ ጽፋችሁ ያዙ።

አሁን መጽሐፉ በሥራ ላይ ምን እንደሚያወጣ በኖላዊ እሑድ እንየው። ዕብራውያን 13 ከቁጥር 16 እስከ ፍጻሜ፣ 1ኛ ጴጥሮስ 2 ከቁጥር 21 እስከ ፍጻሜ፣ የሐዋርያት ሥራ 11 ከቁጥር 22 እስከ ፍጻሜ፣ ወንጌሉ ዮሐንስ 10 ከ1 እስከ 22። ሲደመር 46 ቁጥር ነው፤ ድምፅ አውጥቶ፣ ሳይጣደፉ ቢነበብ ዐሥር ደቂቃ አይሞላም። ብዙ ሰባኪ ወንጌሉን ብቻ ይዞ ስለ መልካሙ እረኛ ሠላሳ ደቂቃ ይናገራል፤ ስብከቱም በየዓመቱ አንድ ይሆናል። ግጻዌውን የተከተለ ግን ዕብራውያን 13፥20 ላይ «ለበጎች ትልቅ እረኛ» የሚለውን፣ ጴጥሮስ ላይ «እንደ በጎች ትቅበዘበዙ ነበርና፥ አሁን ግን ወደ ነፍሳችሁ እረኛና ጠባቂ ተመልሳችኋል» የሚለውን ያገኛል። ምስባኩ ደግሞ ይኸው እረኛ በኪሩቤል ላይ የሚቀመጥ መሆኑን ይጨምራል። እነዚህ ሦስቱ ወዲያው ይታያሉ። የሐዋርያት ሥራው ነው የሚያስቸግረው፤ እረኛ የሚል ቃል የለበትም። በርናባስ ወደ አንጾኪያ ይላካል፣ አዲሶቹን አማኞች ያጸናል፣ ሳውልን ፈልጎ ያመጣል፣ በመጨረሻም በይሁዳ ለሚኖሩ ወንድሞች እርዳታ ይላካል። እረኝነት ሥራ ላይ ሲውል ምን እንደሚመስል ያሳያል ማለት ነው። ስብከቱን ከዚህ ጀምሮ ወደ ወንጌሉ መውጣት ይቻላል። ዕብራውያኑንም ከ20 ሳይሆን ከ16 የሚያስጀምረው ለዚሁ ይመስላል፤ ቁጥር 16 ስለ መልካም ማድረግና ስለ ማካፈል ነው፣ ከአንጾኪያው እርዳታ ጋር ይገጥማል። ጥቅሱን ከመሐል የሚጀምር አንባቢ ይህን ያጣል።

የብርሃን እሑድም በዚሁ መንገድ ይሠራል። ሮሜ 13 ከቁጥር 11 ጀምሮ ሌሊቱ እንዳለፈ ይናገራል፣ 1ኛ ዮሐንስ 1 «እግዚአብሔር ብርሃን ነው» ይላል፣ ሐዋርያት ሥራ 26 ላይ ጳውሎስ በቀትር ከፀሐይ የሚበልጥ ብርሃን አየሁ ብሎ ለንጉሡ ይመሰክራል። ይህ ግን ቀላሉ ነው፤ አምስቱም ራሳቸው ይናገራሉ።

ወደ ስልኩ እንምጣ። የግጻዌ መተግበሪያዎች ብዙ ናቸው፤ ነፃም ናቸው። ጥቅማቸው ግልጽ ነው፦ የዕለቱን ጥቅስ ነካ ስታደርጉት ንባቡ ሙሉውን ይከፈታል፤ የታተመው ግን ጥቅሱን ጠቁሞ መጽሐፍ ቅዱስ ፍለጋ ይልካችኋል። ለታክሲ ሰልፍ፣ ለምሳ ሰዓት ተስማሚ ነው። ድክመታቸው ሁለት ነው። አንደኛ፣ በርካቶቹ የሚከፍቱት የወሩን ቀን ብቻ ነው፤ እሑድ መሆኑን አይተው ወደ ሰንበቱ ንባብ አይሻገሩም። ለመፈተን ቀኑን ወደ ታኅሣሥ እሑዶች አንዱ ውሰዱትና ኖላዊ ወይም ብርሃን የሚል ስም ይወጣ እንደሆነ ተመልከቱ። ካልወጣ ለእሑድ አትመኑት። ሁለተኛ፣ የዘመነ ዮሐንስን ልደት የሚስቱ አሉ፤ ወደ 2020 ዓ.ም. አሻግራችሁ ታኅሣሥ 28ን ክፈቱና የሰብአ ሰገል ወንጌል ማቴዎስ 2 ይመጣ እንደሆነ እዩ። ሁለቱን ፈተና ያለፈ መተግበሪያ ካገኛችሁ ያለ በይነ መረብ እንደሚሠራም አረጋግጡ፤ ምክንያቱን ጃንሜዳ ላይ እነግራችኋለሁ።

የግድግዳ ቀን መቁጠሪያው ደግሞ በየሱቁ በር ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል፤ በዓላቱን፣ አጽዋማቱንና የሳምንቱን ቀን ለማየት ሸጋ ነው። ለስብከት አይሆንም። ጥቅሱን ያተመውም ቢሆን ቦታ ስለሚጠበው ወንጌሉን ብቻ ጽፎ ሌላውን ይተዋል። ቤት ውስጥ ልጆች ሰንበቱን በስሙ እንዲያውቁት ማድረጉ ግን ትንሽ ነገር አይደለም።

ጃንሜዳ። በከተራ፣ ጥር 10 ከሰዓት ታቦታቱ ከየደብሩ ወጥተው ሲያድሩ፣ ሌሊቱን ማኅሌት ተቁሞ ቅዳሴው ሲቀደስ፣ ንጋት ላይ ውኃው ሲባረክ የሕዝቡ ብዛት የስልክ መረቡን ያጨናንቀዋል። ከበይነ መረብ ንባብ የሚጠራ መተግበሪያ እዚያ ባዶ ገጽ ነው የሚያሳየው። ባትሪውም ለፎቶና ለቪዲዮ ያልቃል። ስለዚህ ለጥምቀት የሚበጀው የታተመው ነው፤ ሙሉውን መጽሐፍ ላለመሸከም የጥር 10፣ 11 እና 12ን ገጾች ፎቶ ኮፒ አንስቶ መያዝ ይበቃል። ውኃው ሲባረክ የጥምቀቱ ነገር ከአራቱም ወንጌላት ስለሚነበብ ማቴዎስ 3፣ ማርቆስ 1፣ ሉቃስ 3 እና ዮሐንስ 1ን አብራችሁ ያዙ። ጎን ለጎን ሲነበቡ ልዩነታቸው ራሱ ትምህርት ነው፦ የመጥምቁ ዮሐንስን «እኔ በአንተ ልጠመቅ ያስፈልገኛል» ማቴዎስ ብቻ ይጽፈዋል፤ ሉቃስ ጌታ ሲጸልይ ሰማይ እንደ ተከፈተ ይጨምራል።

የጥር 12ን ቃና ዘገሊላ በተመለከተ የታተሙት ግጻዌዎች ወንጌሉን ዮሐንስ 2ን ይሰጣሉ፤ ለምን በዚያ ቀን እንደሚከበር ግን አብዛኞቹ አያብራሩም። ከዚህ የተነሣ «ጌታ በተጠመቀ ማግሥት ሠርግ ሄደ» የሚል ስብከት ይሰማል። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ሠርጉ የተደረገው የካቲት 23 ነው ይላል፦ ከጥምቀት በኋላ ዐርባው ቀን ጾም አልፎ፣ «በሦስተኛው ቀን» የሚለው ተቆጥሮ። ጥር 12 የተቀመጠው የውኃ በዓል ከውኃ በዓል ጋር እንዲከበር ነው። ይህን በአንድ መስመር የጻፈ ጥምር እትም ካጋጠማችሁ አዘጋጁ ሥራውን የሚያውቅ ነው። በዚያው ቀን የቅዱስ ሚካኤል ታቦታት ስለሚመለሱ በጎዳናው የሚሰጥ ትምህርት ከ15 ደቂቃ በላይ ቢረዝም የሚሰማው አይኖርም፤ ድምፅ ማጉያ ከድምፅ ማጉያ ጋር ይጋጫል።

ሌላ ጥንቃቄ። ከውጭ የተተረጎሙ የገናና የኤጲፋንያ (የምዕራባውያን የአስተርእዮ በዓል) የስብከት መዘርዝሮች በሱቆቹም በስልኩም ሞልተዋል። በምዕራቡ አቆጣጠር ሰብአ ሰገል የሚነበቡት በኤጲፋንያ ነው፤ በእኛ ግን ሰብአ ሰገል የልደት ዕለት ወንጌል ናቸው፣ ጥር 11 የዮርዳኖስ ነው። መዘርዝሩን ሳያስማሙ የሚጠቀሙ ሰዎች በጥምቀት ስለ ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ሲሰብኩ ጉባኤው ይደናገራል። መዘርዝሩ ጥሩ ሐሳብ ካለው ወደ ታኅሣሥ 29 አዛውሩት።

ስለ ጥራዝ ባጭሩ። በክር የተሰፋውን ውሰዱ። በሙጫ ብቻ የተለጠፈው በብዛት የሚገለጡት የታኅሣሥና የጥር ገጾቹ በሁለተኛው ዓመት ይረግፋሉ። ለማወቅ መጽሐፉን መሐሉ ላይ ገልጣችሁ ጀርባውን ተመልከቱ፤ ክሩ ይታያል። ወረቀቱ ሳሳ ብሎ የኋላው ገጽ ፊደል ወደ ፊት የሚያሳይ ከሆነ በጧፍ ብርሃን አይነበብም። ዋጋ ከሱቅ ሱቅ ስለሚለያይ ሁለት ቦታ ጠይቁ፤ የኮሪደር ልማቱ በፒያሳና በአራት ኪሎ ብዙ ሱቆችን ስላነሣ የለመዳችሁት ሱቅ ቦታ ለውጦ ሊሆን ይችላል። ታኅሣሥ ከገባ በኋላ ጥምሩ እትም ቶሎ ያልቅና የሚተርፈው ግእዙ ብቻ ነው፤ ኅዳር ላይ መግዛት ይሻላል።

እንግዲህ ማን ምን ይግዛ? ዲያቆንና ቄስ በክር የተሰፋ፣ ባለ ቀይ ቀለም ግእዝ ግጻዌ። ሰባኪና የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር ጥምሩን፣ አጠገቡም ግእዙን ዳዊትና የወንጌል አንድምታ (ትርጓሜ)። የጽዋ ማኅበር ከሆነ አንድ ጥምር ግጻዌ ለማኅበሩ ይበቃል፤ አባላቱ ፈተናውን ያለፈውን መተግበሪያ በስልካቸው ይጫኑ። በቤቱ ለሚያነብ ምእመን መተግበሪያውና አንድ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ በቂ ናቸው፤ ወፍራሙን መጽሐፍ ገዝቶ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ አያስፈልገውም። ከጥምቀት በኋላ የሚቀጥለው ዘመነ አስተርእዮ ዐቢይ ጾም በሚገባበት ቀን መጠን ስለሚረዝምና ስለሚያጥር፣ ከጥር 12 ወዲያ ያሉትን እሑዶች ለማግኘት የዓመቱን ባሕረ ሐሳብ (የበዓላትና የአጽዋማት ስሌት) የያዘ ገጽ ማስፈለጉ አይቀርም፤ እሱን ከዓመቱ ቀን መቁጠሪያ ላይ ቆርጣችሁ ግጻዌው ሽፋን ውስጥ ለጥፉት።